ቦራ ላይ የተጣለው ካፖርት

ሻርጃ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንደ እናቴ ለማያት፣ ላሳደገችኝ አክስቴ ለወይዘሮ ፀሐይነሽ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የወገብዎ ነገርስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ መቀስዎንም አያዶልድመው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎት ከይሪያ የምትባል፣ ከዚህ ጨርቅ ጭና ወደ ኮምቦልቻ የምትመላለስ ነጋዴ ናት። በስልክ እንዳናወራ ግራ ጆሮዎ ከደነቆረ ስንት ዓመቱ፤ ቀኙም ስልክ ሲያይ ይኮራል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት እንጫወት።

የሥራ ባልደረባዬ የነበረው ስማቸው አንድ ወሬ ነግሮኝ እንቅልፍ አጣሁ። የከተማው ፈረሰኛ ፖሊስ ሊቀር ነው አለኝ። እውነት ነው? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በፈረሴ በቦራ ጀርባ ላይ ሆኜ ደሴን ስዞር ኖሬ፣ አሁን ያ ሁሉ እንደዋዛ ሊቀር ነው ማለት ነው? ጉም የወረደ ዕለት የቦራን ጆሮዎች እንጂ መንገዱን አላየውም ነበር። እሱ ግን ያውቀዋል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እርስዎ ሱቅ በር ላይ ሳላዘው ይቆምና፣ ከውስጥ ሆነው «ያን አውሬ ከጨርቄ አርቅልኝ!» እስኪሉት ድረስ ይጠብቃል። ከሰደቡት በኋላ ነው የሚሄደው። ስድብዎ ለሱ እንደ ሰላምታ ነበር።

እዚህም የማበላው ያው ፈረስ ነው። አርባ ፈረስ፣ አርባውም ከእኔ የተሻለ ክፍል ውስጥ ይተኛል። አንዱም ግን ቦራን አይሆንም። ሕዝቡ ምን እንዳለ፣ ቦራ ማን እጅ እንደሚገባ ይጻፉልኝ። ከዚህ የሚፈልጉት ነገር ካለም አይፈሩኝ።

ልጅዎ ሂሻም


ደሴ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነፃነት ልጅ፣ ለእኔም ልጄ ለሂሻም፤

እንደምን ከርመሃል? መድኃኔዓለም ከክፉ ነገር ይሰውርህ፣ የአባትህ የጣሀ ምርቃት ካለህበት ይድረስህ፤ ነፍሱን ይማረው። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ ደሴ ሰማይ ነው፤ ሲያሰኘው ይከፈታል፣ ሲያሰኘው ይዘጋል።

ወሬው እውነት ነው፤ በፈረሱ ፈንታ ለፖሊሱ ሞተር ሳይክል ይሰጣል ተብሏል። ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ፒያሳ ለሁለት ተከፍላ ሰነበተች። የባጃጅ ሾፌሮች ሠርግ ይመስል ጡሩምባ እየነፉ ዞሩ። ከሱቄ ጎን ያለው ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ «ከተማ ነው ወይስ በረት? ፋንድያ እየረገጥን እስከ መቼ!» ሲል፣ ሌላው «ሞተር ሳይክል ጉም ውስጥ ምን ያያል? ፈረስ እኮ ይሸተዋል» ሲል፣ ብርጭቆ ሊወራወሩ ምንም አልቀራቸውም። ጫማ ሻጩ ዘካሪያ ደግሞ መሐል ገብቶ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ምን ያጣላችኋል?» ቢላቸው ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩበት። ፈረሱ ይቅር ብሎ ፊርማ ያሰባሰበም ነበር። ማን ማን እንደፈረመ እንጃ።

እሁድ ሰኔ 8 ሽኝት ተደረገ። ስምንቱም ፈረሶች ታጥበው፣ ኮርቻ ተጭኖባቸው፣ እኔ የሰፋሁላቸውን አዲስ የኮርቻ ግላስ ለብሰው ወጡ። ፖሊሶቹ ግን አልተቀመጡባቸውም። «ለክብራቸው ሲባል ዛሬ ሰው አይቀመጥባቸው» ተብሎ ልጓም እየሳቡ በእግር ሄዱ። ከጋጣው ተነስተው፣ በፒያሳ አልፈው፣ የቦሩ ሜዳን መንገድ ያዙ። ቦራ አንተ ከሄድክ ወዲህ ማንንም አላስቀምጥ ብሎ ስለከረመ ጌታ የለውምና፣ ስማቸው ከራሱ ፈረስ ጋር ደርቦ ሳበው። አንዲት አሮጊት መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ማልቀስ ሲጀምሩ ሰው ሳቀ። የከተማ ሰው መሳቂያ አያጣም።

ፈረሶቹ ለገበሬ ተከፋፈሉ። ቦራ ቦሩ ሜዳ ኪዳኑ ለሚባል ደግ ገበሬ ደርሷል። አምሮበት ነው የሄደው፤ አታስብ።

ጥቁር ክርና አሥራ ስድስት ቁጥር የማሽን መርፌ ላክልኝ። የእዚህ መርፌ ወፍራም ጨርቅ ሲያይ ይሰበራል።

አክስትህ ፀሐይነሽ


ሻርጃ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

አላህ ጤናና ሰላምዎን ያብዛልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዘካሪያ በሽምግልናው የደረሰበትን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ለቦራም ደስ አለኝ፤ የቦሩ ሜዳ ሣር ከጋጣው ገለባ ሳይሻለው አይቀርም።

እኔ ጋ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አለ። ሥራ ስንገባ ጣታችንን የምናስነካው ማሽን አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣቴን እንዳየ አረንጓዴ ሲያበራ የኖረው ማሽን አንድ ሰኞ ጠዋት አላውቅህም አለኝ። ቆጥሬ ሳየው የእናንተ ሽኝት ማግስት ነው። አለቃዬ «የጣትህ ቆዳ በሥራ ተልጦ ነው» ብሎ ስሜን በእጁ ይጽፍልኝ ጀመር። አንዳንድ ቀን ግን ይረሳኛል። አጠገቡ ቆሜ ይረሳኛል።

ፈረሶቹም ጠባያቸውን ቀየሩ። ገና ስገባ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጥለው ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። አንዷ ውርንጭላዋን ከኋላዋ ደበቀችብኝ። እኔ ፈረስ የሚፈራው ሰው አልነበርኩም አክስቴ፤ ይህ ነገር አሳዘነኝ።

ሌላው ብርድ ነው። ውጭው እንደ ምጣድ እየፈላ እኔ እንቀጠቀጣለሁ። ሐኪሙ ምንም የለብህም ይላል። ያ ኮሌታው ተቀዶ ለጥገና እርስዎ ጋ የተውኩት የዝናብ ካፖርቴ ትዝ አለኝ። ዘጠኝ ክረምት ያሳለፍኩበት ነው። በከይሪያ በኩል ይላኩልኝ። ክሩንና መርፌውን ይዛለች።

ልጅዎ ሂሻም


ደሴ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሂሻም፤

ፈጣሪ ካለህበት ይጠብቅህ፣ የሰው አገር አፈር እሾህ አይሁንብህ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። መርፌው ደርሶኛል፣ ተባረክ። ካፖርቱን ፈልጌ አጣሁት። ብል በልቶት ጥዬው ይሆናል። ሌላ ወፍራም ሹራብ ልኬልሃለሁ፤ እሱን ልበስ።

እዚህ ከተማው ውስጥ የሚወራውን ከሰው ከምትሰማ እኔው ልንገርህ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ የፈረስ ኮቴ ይሰማል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ራሱ ቦራ ነበር። ገመዱን በጥሶ ከቦሩ ሜዳ ድረስ መጥቶ ሱቄ በር ላይ ቆመ። ኪዳኑ ሁለቱንም ጊዜ እያለከለከ መጥቶ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን ኪዳኑ እንደገና መጣ፣ ፈረሱን ግን አልያዘም። «እትዬ፣ ዛሬስ በሰንሰለት አስሬው ነው የመጣሁት፤ ልጄ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በሰላም ሥራዎትን ይሥሩ» አለኝ። ገና ቃሉን ሳይጨርስ ኮቴው መጣ። ቀስ ብሎ፣ ጠቅ ጠቅ እያለ አስፋልቱን ይዞ መጣና በሬ ላይ ቆመ። ትንፋሹን ሰማነው። ኪዳኑ ፊቱ አመድ መስሎ «ያ የእኔ ፈረስ አይደለም» አለ። በሩን ብርግድ አድርጌ ስከፍተው ጉም ብቻ ነው። አንድ ባጃጅ ግን ዳር ይዞ ቆሞ፣ ሾፌሩ የሚያልፍ ነገር እስኪያልፍለት ይጠብቃል።

እኔን ያስደነቀኝ ምኑ መሰለህ? የሰማሁት በግራ ጆሮዬ ነው።

የሰው ነገር ታውቅ የለ። ጡሩምባ ሲነፉ የነበሩት ሾፌሮች አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሲደርስ ፒያሳን አይረግጡም። ይቅር ብለው የፈረሙት፣ ፈረሰኛው ይመለስልን ብለው ሌላ ወረቀት ያዞራሉ፤ ያው ሕዝብ፣ ያው እስክሪብቶ። ባለፈው ሳምንት አንድ መኪና በድምፅ ማጉያ «በከተማችን ውስጥ ምንም ዓይነት ፈረስ እየተዘዋወረ እንዳልሆነ እየገለጽን፣ ኅብረተሰቡ ተረጋግቶ ሥራውን እንዲያከናውን» እያለ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው በደንብ የፈራው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከይሪያ የፊተኛውን ደብዳቤ ልታደርስ መጥታ የሥራ ቦታህ በር ላይ ጠባቂውን ብትጠይቀው «ሂሻም የሚባል እዚህ የለም» አላት አሉ። አንተ ከኋላው ቆመህ ነበር ትላለች። ለቀልድ ነው አይደል? እባክህ ፎቶህን ላክልኝ። ከሰው ጋር ሆነህ የተነሳኸውን።

አክስትህ ፀሐይነሽ


ሻርጃ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽዎት አልችልም።

መስጊድ ገብቼ ሰላም ስል የሚመልስልኝ የለም። እርስዎም ያውቁታል፣ በእኛ ዘንድ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው፤ ጠላት እንኳ ይመልሳል። ባለፈው ዓርብ ሶላት ጨርሰን ከጎኔ ያለው ሰው ወደ እኔ ዞሮ ሲያሰላምት ዓይኑ እኔ ላይ አላረፈም። በእኔ ውስጥ አልፎ ከእኔ ወዲያ ያለውን ሰው አየ።

አብሮኝ የሚኖረውን ሚስባህን ያስታውሱታል፣ የኮምቦልቻውን። ትናንት ከሥራ ስመለስ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ልብሴን ያጣጥፋል። ዓይኑ ቀልቷል። «ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት። ወደ እኔ ሳይዞር ለጎረቤታችን «ለአክስቱ ይላክላት እንጂ ምን እናደርገዋለን» ሲለው ሰማሁ። ፊቱ ቆሜ ስሙን ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። በሦስተኛው ብድግ ብሎ «አንተ! የት ነበርክ?» ብሎ አቀፈኝ። ልብሴን ለምን እንዳጣጠፈው ስጠይቀው እሱም አያውቅም። ቁጭ ብለን ሁለታችንም አለቀስን።

ፎቶውን ተነስቻለሁ። አልላክሁትም፣ እባክዎ አይጠይቁኝ።

በየቀኑ፣ እናንተ ጋ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ አንዲት አሮጊት በስሜ ሙሾ ስታወርድ ይሰማኛል። የወሎ አሮጊት ናት፣ አነጋገሯን አውቀዋለሁ። እዚህ አገር ማን አመጣት?

ስማቸው ትናንት ደውሎ ስለ ሽኝቱ ሲያጫውተኝ «ካፖርትህ ቦራ ላይ እንዴት አምሮበት ነበር» አለኝ። የትኛው ካፖርት? እርስዎ ብል በላው አላሉኝም? አክስቴ፣ አላህ ይይልዎት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን አድርጋችሁኝ ነው?

ሂሻም


ደሴ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለሂሻም፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ ማለት ቢያሳፍረኝም እላለሁ። እግዚአብሔር ዘመኑን በአንተ ላይ አይቁረጠው። ደብዳቤህን አንብቤ ሦስት ቀን ማሽኔን አልረገጥኩም። አሁን የምጽፈውን ሁሉ እመነኝ፤ የፊተኛው ላይ ዋሽቼሃለሁ።

ፈረሱ ይቅር የሚለው ወረቀት ላይ ሦስተኛዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። ለሰው ፋንድያው ጨርቄን አበላሸው ብዬ ነው ያወራሁት። እውነቱ ግን ቅናት ነው። ወደ ሻርጃ የሄድክ ዕለት መጀመሪያ የተሰናበትከው ፈረሱን ነበር። አንገቱን አቅፈህ ስታለቅስ አይቼሃለሁ። እኔ ጋ ስትመጣ እንባህ አልቆ ነበር። አሮጊት በፈረስ ትቀናለች ወይ በለኝ። ትቀናለች።

ካፖርትህ ብል አልበላውም። ሽኝቱ ዕለት ቦራ ጌታ አጥቶ ከሰባቱ ኋላ ሲቆም አሳዘነኝ። የፈረምኩበትም ጸጸት ነበረብኝ። ሰው ያንተን ውለታ ያስታውስ ብዬ፣ ኮሌታውን ጠግኜ አስቀምጬው የነበረውን ካፖርት አምጥቼ በገዛ እጄ ኮርቻው ላይ ጣልኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል እንዲህ ነው።

መንገድ ዳር ያለቀሱት አሮጊት እማማ ቡዜ ይባላሉ፣ የቦሩ ሜዳ ሰው ናቸው። ሰው ሳቀ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ቦራን የሚስበውን ስማቸውን «ይህ ፈረስ የማን ነው?» ብለው ጠየቁት። «የሂሻም ነው» አላቸው። ከዚያ ስምህን እየጠሩ ሙሾ አወረዱ። መንገድ ዳር ያሉት ሴቶች ተቀበሏቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱልህ። ከፒያሳ እስከ ከተማው ዳር። እኔ ያኔ ስምህን የጠሩት የፈረሱ ጌታ ስለሆንክ፣ ለቅሶውም ለፈረሶቹ መስሎኝ ልቤ ተነክቶ አብሬ አለቀስኩ። ልጄ ሆይ፣ እኔም አልቅሼልሃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቦሩ ሜዳ ወርጄ እማማ ቡዜን አገኘኋቸው። «አንቺ የከተማ ሰው ነሽና ምን ታውቂ» አሉኝ። «ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ የጌታው ልብስ ተጥሎበት የሚሳብ ፈረስ የሟች ነው። በእኛ አገር ለቅሶ የሚወጣው እንዲህ ነው። እኔ የሞተ መስሎኝ አለቀስኩ። ያ ረቢ፣ በቁሙ ላለ ሰው ነው እንዴ ያስለቀሳችሁኝ?» እኔም ልጅ ሆኜ በአያቴ ለቅሶ እንዲህ ያለ ፈረስ ማየቴ ያኔ ትዝ አለኝ። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ለአንድ ቀን እንኳ ትዝ ቢለኝ ምን ነበረበት!

ሂሻም እስላም ነው፣ ይህ ለእሱ አይሠራም ብላቸው «ፈረስ ክርስቲያንና እስላም አይለይም፤ የጫኑትን ይዞ ይሄዳል» አሉ። ከዚያ መድኃኒቱን ነገሩኝ። ተስቦ የሄደ ፈረስ ተጋልቦ መመለስ አለበት። በዚያው መንገድ፣ በዚያው በአሥራ አንድ ሰዓት፣ የሥጋ ዘመድ ካፖርቱን ለብሶ፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ። ካፖርቱ ኪዳኑ ቤት አለ፤ የታጠፈ ቦታው እንኳ አልተነካም።

ካንተ ወገን እዚህ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ ፈረስ ቀርቶ አህያ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አብሽር። አርብ መስከረም 23 እቀመጣለሁ።

እማማ ቡዜ ሌላም አንድ ነገር ብለውኛል። እሱ ለእኔ ይቆየኝ።

ይቅር በለኝ። አክስትህ ፀሐይነሽ


ሻርጃ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣ ለጀግናዬ፤

የዓለማት ጌታ አላህ ይመስገን! አላህ ጀነትን ያለ ሒሳብ ያውርስዎት፣ እርስዎ በሚጠሩት ስምም ይጠብቅዎት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ መስከረም 26 ነው፤ ነገሩ ግን ከሦስት ቀን በፊት አልቆ ነበር። አርብ ከሰዓት ያቺን የምትፈራኝን ፈረስ ደጅ ላይ ሆኜ እያየኋት፣ ድንገት የማሽን ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ሸተተኝ። የእርስዎ ሱቅ ሽታ ነው፣ አይጠፋኝም። ያ ብርድ ከትከሻዬ ላይ አንድ ሰው ልብስ ያወለቀልኝ ያህል ወረደ። ፈረሷ ቀስ ብላ መጥታ አፏን አንገቴ ሥር ወተፈችው። ውርንጭላዋም ተከተለቻት። ከዚያ አለቃዬ ከሩቅ «ሂሻም!» ብሎ ተጣራ። አክስቴ፣ ስሜን ሲጠራ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑም አረንጓዴ አበራ።

በእርስዎ ላይ ቅሬታ የለኝም። ስለ ፈረሱ ቅናት ያሉት ግን ሚስባህን ሳይቀር አስቆት ነበር። ያን ዕለት እርስዎ ጋ ስመጣ እንባዬ አላለቀም ነበር። እንዳያዝኑ ብዬ ነው ዋጥ ያደረግሁት። ይህንን በቃሌ ልነግርዎት ለገናዎ እመጣለሁ፤ ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል።

ግን ለምን አይጽፉልኝም? ከይሪያ ባዶ እጇን ተመለሰች። ከፈረሱ ወድቀው ይሆን ብዬ ስማቸውን ሁለት ጊዜ ወደ ሱቅዎ ላክሁት። «ሱቁ ክፍት ነው፣ ማሽኑ ላይ ሥራ ተጀምሯል፣ እሳቸው ግን የሉም» አለኝ። ሁለቱንም ጊዜ እንዲሁ አለኝ። የት ሄደው ነው? ወገብዎ ነው? ገንዘብም ሐኪምም ቢያስፈልግ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ሂሻም


ደሴ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሂሻም፤

ስምህ ሲጠራ ለዘላለም አቤት የምትል ያድርግህ። ደብዳቤህን ከይሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ጥላልኝ ሄደች፤ ይህንንም ስትመለስ እዚያው ታገኘዋለች። አንብቤው ደስታዬ መጠን አጣ። እንባህን እንደዋጥከው ሳነብማ ማሽኑ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ግልቢያውን ላጫውትህ። ኪዳኑ በርሜል ላይ አቁሞ፣ ከኋላ ገፍቶ፣ ቅድስት ማርያምን ሺህ ጊዜ አስጠርቶ አስቀመጠኝ። ማንንም አላስቀምጥ ያለው ቦራ ጆሮውን አላነቃነቀም። ካፖርትህ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። ዓይኔን ጨፍኜ ኮርቻውን እንደ ጨቅላ አቀፍኩት። መንገዱን እሱ ያውቀዋል ብለህ የለ? ያውቀዋል። ከተማው ዳር ስንደርስ ጉሙ ወረደ። ያ ፈረስ የሌለው ኮቴ ከጎናችን አብሮን ሄደ፣ ከዚያ ፒያሳ ጋ ስንደርስ የሁለቱ ኮቴ አንድ ሆነ። ባጃጆቹ ዳር ያዙ። ጡሩምባ የነፋ የለም። ያን ዕለት ነጠላ ያዘቀዘቁት ሴቶች መንገድ ዳር ወጥተው ነጠላቸውን አቃንተው ለበሱ። ዘካሪያ ኮፍያውን አወለቀ። እዚያ ሱቄ በር ላይ ቦራ ሳላዘው ቆመና ይጠብቅ ጀመር። ሲጨንቀኝ፣ ለራሴው «ያን አውሬ ከጨርቄ አርቅልኝ» አልኩ በቀስታ። ያኔ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አወረደኝ።

ኮቴው ከዚያ ቀን ወዲህ አልተሰማም። ከተማው ረስቶታል። አሁን ደግሞ የሞተር ሳይክሉ ጩኸት ልጆች አስበረገገ ብለው ሻይ ቤቱ ውስጥ ይነታረካሉ።

ለእኔ ይቆየኝ ያልኩህን ልንገርህ። እማማ ቡዜ «የወጣ ለቅሶ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ካፖርቱን የለበሰው ሰው ቢያወልቀውም ብርዱ አይወልቅለትም» ብለውኝ ነበር። ገብቶኝ ነው የተቀመጥኩት። ማንም አላስገደደኝም። ይህንን ስታነብ እንዳትጮህብኝ።

ስማቸው ሁለት ጊዜ መጥቷል። ሁለቱንም ጊዜ ወንበር ስቤለት ነበር። ማሽኑ ሲሄድ አይቶ ፈገግ አለ፣ «እትዬ ፀሐይነሽ!» ብሎ ወደ ጓሮ ተጣራ፣ ትንሽ ቆሞ ሄደ። ደንበኞቼ ጨርቅ ጥለው ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ ተሰፍቶ ያገኙታል፣ ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ማን እንደሰፋው አይጠይቁም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከጎኔ ያለችው ሴት ነጠላዋን እኔ በተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ታነጥፋለች። እስከ አሁን አልከፋኝም። ሽሮዬንም እንደ ድሮው አሳምሬ እሠራለሁ፤ የሚቀምሰው ብቻ ጠፋ።

ማን እንደሚያየኝ ታውቃለህ? ቦራ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ራሱ ቦራ፣ ሥጋ ለባሹ፣ ከቦሩ ሜዳ ይመጣል። ኪዳኑ ማሰሩን ትቶታል። በር ላይ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ እሰድበዋለሁ፤ ይሄዳል። ያን ሁሉ ዘመን የጠላሁት አውሬ በዚህ ከተማ ውስጥ ሰላም የሚለኝ እሱ ብቻ ሆነ።

ለገና መምጣትህን ሳነብ መቀሴን ጥዬ ተነሳሁ። ና ልጄ። አንድ አደራ ብቻ አለኝ። ሱቁ ክፍት ነው፣ ሰው የለም ብለህ እንዳትመለስ። ስማቸውም ጠርቶኛል፣ ግን በመጣ ቁጥር የጠራኝ አንዴ ብቻ ነው። ሚስባህ አንተን ያየህ በሦስተኛው አይደል? በሩ ላይ ቁምና ስሜን ጥራ። ድገመው። ሠልሰው። ዞሬ ካላየሁህ ማሽኑ አጠገብ ካለው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጥና የማሽኑን ድምፅ ስማ፤ እኔ ነኝ። ያን የዋጥከውን እንባ ለማሽኑ ንገረው፣ እሰማሃለሁ፤ ግራ ጆሮዬ አሁን በደንብ ይሰማል።

ብትሰማኝም ባትሰማኝም፣ በመጀመሪያው ጥሪህ «አቤት ልጄ» ብዬሃለሁ።

አክስትህ ፀሐይነሽ